የፍሬን ዋስ

ልጄ መኪና ገዝታለች። ድምፅ የላትም፣ መክፈቻም አትፈልግም፤ በጣት ነክቶ ማስነሳት ብቻ ነው። ባለፈው ሰሞን ከተክለ ሃይማኖት ወደ ታች ስንወርድ ቀኝ እግሬ ምንጣፉን ሲረግጥ አየችኝ።

«አባዬ፣ አንተ ጋ እኮ ፍሬን የለም!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔም ሳቅሁ። እግሬን ማንሳት ግን አቃተኝ። ከፊታችን ጭነት ያጎበጠው አሮጌ መኪና ይወርዳል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። ይሄን ሽታ የማያውቅ ሰው ጎማ ተቃጠለ ይላል። ጎማ አይደለም። ጎማ አፍንጫ ሰንፍጦ ይሄዳል፤ ሸራ ግን ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ አብሮህ ያመሻል።

ከጠየቅኸኝ አይቀር ልንገርህ። አላሳምርልህም፣ ማሳመርም አላውቅበት።

ጋራዣችን ሶማሌ ተራ ጀርባ ነበረች። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የስልክ ልባስ ይሸጣሉ። ያኔ ቆርቆሮ ጣሪያና አንድ ጉድጓድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በምስማር ቀዳዳዎቹ እየገባች ዘይት የጠጣው መሬት ላይ ነጠብጣብ ትሠራለች፤ ከውጪ የቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻ፣ የተሸካሚው «ዞር በል! ዞር በል!»፣ የሬዲዮው ጩኸት አንድ ላይ ይገባል። ዝምታ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ግን ይለምደዋል።

አለቃችን ጉራጌ ነበሩ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው ያወጡት አንድ ሕግ ነበር። ሞተርን የፈለገ ይፍታው፣ የፈለገ ይግጠመው፤ ፍሬን ግን ያለ ዋስ ከበር አይወጣም። አንዱ ይሠራል፤ ሌላው ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ የሠራውን ሰው እጅ ይጨብጥና «ዋስ ነኝ» ይለዋል። በቃ፣ ወረቀት የለም። «ለሰባራ ዕቃ ዋስ የሚጠራ ሰው ለነፍስ ካልጠራ ምኑን ሰው ሆነ?» ይሉ ነበር አለቃ። መኪናዋን የሠራው ሰው ራሱ ይነዳታል፣ እሳቸው አጠገቡ ይቀመጣሉ፣ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ወርደው ይመለሳሉ። ያለ ዋስ ፍሬን ያወጣ ሠራተኛ እዚያ ግቢ ሁለተኛ ፍሬን አይነካም፤ ዋስ ያለው ፍሬን ከከዳም ሠሪውም ዋሱም እንደዚያው።

ያን ዘመን ጉልበታቸው ደክሞ ነበር። ጉድጓድ መውረድ አቅቷቸዋል። የፍሬኑን ሥራ ከነጉድጓዱ ለአንዳችን ሊያስረክቡ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። እኔ ከሳቸው ጋር ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የኔ ነው ብዬ ነበር።

ወሎዬው ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከኮምቦልቻ ነው የመጣው፤ ሥራ የለመደው ትላልቅ የጭነት መኪና ላይ ነበር። ቀጭን፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ሲሠራ አንገቱን ዘንበል የሚያደርግ ሰው። እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም። መኪና ከበር ሳይገባ «የኋላ ቀኙ ሸራ አልቋል» ይላል። ፈትተን ስናየው አልቋል። አለቃ «የኔ ጆሮ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። እኔን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አንተ» ነው የሚሉኝ።

ቅናት የሴት ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ወንድ በሥራው ሲቀና በሚስቱ ከሚቀናው ይብሳል። ሚስትህን ትጠይቃለህ፣ ትጮህባታለህ፤ በሥራህ ስትቀና ማንን ትጠይቃለህ? አለቃ ለሱ ስንት ጊዜ እንደሳቁ እቆጥር ነበር። ሻይ ከምታመጣልን ሴትዮ የሱ ድርሻ ሳቅ፣ የኔ «ብርጭቆዬን መልስ» ነበር። አንድ ቀን ቁጥር አሥራ ሦስት የቡሎን መፍቻውን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ረፋዱን ሙሉ ሲያስስ አየሁት። በኋላ ከመኪና ሥር ያገኘሁ መስዬ ሰጠሁት።

«አላህ ይስጥህ ወንድሜ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ።

በዚህም ተናደድኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ያቺ መኪና መጣች። ጥቁር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ክብ መብራት፤ በሯ ሲዘጋ እንደ ቁም ሣጥን ድም የሚል። ያኔውኑም አሮጌ ነበረች። ባለቤቷ ባሏ የሞተባት ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ መኪናዋ የሱ ነበረች። እሑድ ልጇ ታገባለች፤ ሙሽራዋ የምትሄደው በአባቷ መኪና ነው።

«ስሙኝ፣» አለች ባለመኪናዋ ወገቧን ይዛ፣ «ሾፌሬ ፍሬን ለመያዝ ከመቀመጫው ይነሳል። ቆሞ ነው የሚነዳው! ቆሞ በሚነዳ ሰው ነው ልጄን የምድራት?»

«እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ እናደርስልዎታለን» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

አለቃ ዞር ብለው አዩኝ። «ቀድመህ ተናገርክ፤ እንግዲህ ቀድመህ ግባ።»

ፔዳሉን ረገጥኩት። ድንጋይ ነው። ፖምፓው ነው አልኩ፤ የፍሬን ዘይቱን ወደ መኪናዋ አራት እግሮች የሚገፋው ዋናው ፖምፓ። ውስጡ ያሉት የጎማ ቀለበቶች ሲያብጡ ነክሶ ይይዛል፣ ብዙ አይቻለሁ። ወሎዬው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ያየኛል።

«ወንድሜ፣ ሰርቮው እንዳይሆን?»

«አንተ ጆሮህን ይዘህ ቁጭ በል!»

ግቢው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ፖምፓውን ፈታሁ፤ ውስጡን በአረቄ አጠብኩ፣ ምክንያቱም ቤንዚን የፍሬን ጎማ ያሳብጣል። አዳዲስ የጎማ ቀለበት አስገባሁ። ሐሙስ ከሰዓት አየሩን ስናስወጣ ፔዳሉን የረገጠልኝ እሱ ነው። እኔ ከሥር «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እላለሁ፣ እሱ ከላይ ይረግጣል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። አንድም ጊዜ አላዛነፈም። ስንጨርስ ገብቼ ረገጥኩ። ድንጋይ።

ዓርብ ጠዋት አለቃ ወደኔ ሳያዩ «እስቲ አንተ፣ የኔ ጆሮ» አሉት።

ሰርቮ ማለት ከፖምፓው ኋላ ያለ ድስት የሚያህል ክብ ቆርቆሮ ነው። ሞተሩ በቱቦ አየሩን ከውስጡ ይመጥጣል፤ በዚያ ጉልበት አንተ በእግር ጣትህ የረገጥከውን እሱ በክንዱ ይገፋልሃል። መሃሉ ላይ ያለችው ስስ ጎማ ከተቀደደች እርዳታ የለም፣ እግርህ ብቻውን ነው። ወሎዬው ሞተሩን አጠፋ። ፔዳሉን አምስት ስድስቴ ረገጠና እግሩን ሳያነሳ ሞተሩን አስነሳ። ሰርቮው ደህና ቢሆን ያን ጊዜ ፔዳሉ ከእግር ሥር ሰጠም ይል ነበር። አልሰጠመም። ይልቅስ ከፔዳሉ በላይ እባብ ሣር ውስጥ እንደሚሄድ ያለ ድምፅ መጣ።

«ጎማዋ ተቀድዳለች ጋሼ» አለ።

እኔ ሁለት ቀን የደከምኩበትን፣ እሱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። አለቃ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ያቺ የትከሻ መታ መታ፣ ይኸውና ዛሬም እዚህ ደረቴ ላይ አለች።

ከጁምዓ ሶላት ሲመለስ ከአለቃ ጋር ውጪ ቆመው ትንሽ ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ወሎዬው ሲስቅ ብቻ አየሁ። በቃ፣ ጉድጓዱን ሰጡት አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሶማሌ ተራን ሲዞር ውሎ ከፈረሰች መኪና የወጣ ደህና ሰርቮ ይዞ መጣ። ከሞተሩ ወደ ሰርቮ የሚሄደው ቱቦ እንደ ደረቅ ቂጣ ሲነኩት ይፈረፈር ነበርና አዲስ ቱቦም ገዝቷል። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከካርቶን የወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ገጥሞ ጨረሰ። ሞተሩን አስነስቶ ረገጠ፤ ፔዳሉ ሰጠመ። አለቃ ካፖርታቸውን ሊለብሱ ወደ ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ ለምሳ ወጥተዋል። ወሎዬው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደኔ መጣ።

«ዋስ ሁነኝ» አለኝ።

«ሌላ ሰው የለም?»

«ያንተ እጅ ከነካው ይበቃኛል።»

ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩ። ቡሎኖቹ ጠብቀዋል። የዘይት መስመሩ ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለም። ሥራው ያምራል፤ የሚጣፍጥ ሥራ ነው። ቱቦው ጋ ስደርስ በሁለት ጣቴ ጨመቅሁት። እንደ በግ አንጀት ተጣበቀ።

እኔ ያንን አውቀዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ራሴ እንዲህ ያለ ቱቦ ይዤ መጥቼ አለቃ አፋቸው ውስጥ ከትተው መጠጡት፤ ጎንና ጎኑ ዓይኔ እያየ ተጣበቀ። «አየህ? ይሄ ለሚገፋ እንጂ ለሚስብ አይሆንም። ሞተሩ ሲሞቅ ይለሰልስና ራሱን ያንቃል» አሉኝ። ወሎዬው የለመደው የጭነት መኪና የአየር ፍሬን ነው፤ እዚያ አየሩ ወደ ውጪ ነው የሚገፋው፣ እንዲህ ያለ ቱቦ ይበቃዋል። ይሄን ሊያውቅ አይችልም። የነገረው የለም።

እኔ ልነግረው እችል ነበር። አንድ ቃል ነው።

ልንገርህ፣ ሰው ይሙት አላልኩም። ሙሽራዋም ትዝ አላለችኝ። የተመኘሁት ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ እንዲደርቅበት፣ አለቃ አጠገቡ ተቀምጠው እንዲያዩት፣ ተመልሰው «የኔ ጆሮ» ማለት እንዲያፍሩ ነበር። ይቺን ብቻ። ቁልቁለቱ ላይ ሰው እንዳለ ረሳሁ። ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን መሆኑን ረሳሁ። ቀና አልኩ፣ እጁን ጨበጥኩ።

«ዋስ ነኝ» አልኩት።

«አብሽር!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

አለቃ መጡ። «ዋስ አለህ?» ብለው ጠየቁት። «አለኝ ጋሼ።» ማን እንደሆነ አልጠየቁም፣ ጠይቀውም አያውቁ። ገብተው ተቀመጡ፤ ጥቁሯ መኪና በሩን ወጣች።

አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ። ያን ዕለት መዶሻው ሁሉ የሚመታ ጭንቅላቴ ላይ ይመስለኝ ነበር። አሁን መታጠፊያው ጋ ደርሰዋል፤ ሞተሩ ገና አልሞቀም። አሁን ሞቋል። ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፣ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሮጬ ብይዛቸውስ? ሰው ጢም ብሏል፤ መኪናዎቹ እየተሳቡ ነው፤ ሮጬ እደርስባቸው ነበር። ዛሬ ዛሬ ሌሊት የምሮጠው ያንን ሩጫ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ባለጋሪ ነው፣ እያለከለከ።

«የናንተ ሽማግሌ አይደሉ? ጥቁር መኪና! ድልድዩ አፋፍ ላይ!»

«ሞቱ?»

«ኧረ ምን ሞት ያመጣል! እግራቸው ነው። ሹፌሩ ጀግና ነው፣ ባይሆንማ እኔንም ከነጋሪዬ አታገኘኝም ነበር።»

እንዲህ ነው የሆነው። ወሎዬው መጀመሪያ ሲረግጥ ፍሬኑ ያዘ። ሁለተኛ ሲረግጥ ድንጋይ ሆነ። ከፊቱ ከአትክልት ተራ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ይሻገራል። በሁለት እግሩ ቆመበት፣ ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፣ አፍንጫዋን ወደ ግንቡ መለሳት። መብራቷ ረገፈ፣ መከላከያዋ ታጠፈ። የአለቃ ደካማው ጉልበት ከፊት ካለው ብረት ጋር ተጋጨ። ከዚያ ቀን በኋላ ያለ ምርኩዝ ሄደው አያውቁም።

መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ባለመኪናዋ ደረሰች። እንድትጮህ ስንጠብቅ የረገፈውን መብራት በመዳፏ ደባበሰችው። «እንኳን ልጄ አልገባችባት» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ሙሽራዋ በኪራይ መኪና ሄደች።

አለቃ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል። ቱቦውን እንደተጣበቀ አስፈትተው በእጃቸው ይዘውታል። ሁላችንም ዙሪያቸውን ቆመናል።

«ዋሱ ማነው?» አሉ።

እኔ ቱቦውን አየሁ። ወሎዬው አላየኝም። አንድ ጊዜ እንኳ ወደኔ አልዞረም።

«ዋስ አልጠራሁም ጋሼ።»

«አለኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ዋሸሁዎት። ቸኩዬ ነው።»

አለቃ ቀና ብለው አዩት። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይመስሉ ነበር። «ሕጉን ታውቀዋለህ» አሉት በመጨረሻ። «አውቀዋለሁ ጋሼ» አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ሲመሽ መሣሪያዎቹን ሲጠቀልል ሄድኩና አጠገቡ ቆምኩ።

«ለምን?» አልኩት።

«አንተ ልጆች አሉህ፣ ትንሿ ገና አርባ ቀኗ አልሞላም። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አገሬ ብገባም እበላለሁ። ሁለታችንም የምንወጣበት ምን ምክንያት አለ?» ቡሎን ከቡሎን እየለየ ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል። «አንተም ሳታየው ቀርተሃል፣ እኔም አላየሁት። ሰው ነን ወንድሜ። ቱቦዋ ናት ተንኮለኛዋ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ ልበል? አልከፈትኩም። ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? ቀናሁበት። በዚያች ሰዓት እንኳ ቀናሁበት። እኔ አንድ ቃል ማውጣት አቅቶኛል፣ እሱ ለኔ ሲል ዋሽቶ ልቡ እንዲህ ረግቶ ቡሎን ይለያል።

«ሰኞ ማለዳ ከአውቶቡስ ተራ ነው የምነሳው» አለኝ።

«መጥቼ እሸኝሃለሁ።»

ሰኞ ሚስቴ ቀስቅሳኝ ነበር። ራሴን ያመኛል ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ጉድጓዱ የኔ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስንት ፍሬን እንደሠራሁ ቁጥሩን አላውቀውም። ጥሩ ሠሪ ነበርኩ፤ መርካቶ ውስጥ የፍሬን ሰው ሲባል እኔ ጋ ነበር የሚላከው። ሠርቼ ጨርሼ ዋስ ስጠራ ግን ሁልጊዜ ዓይኔ የሚፈልገው አንድ ሰው ነው።

ዓመታት አለፉ። አለቃ አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄጄ ትራስ ደግፌላቸው ተቀመጥኩ። የመንደሩ ድምፅ በመስኮት ይገባል። ወደኔ ዞሩና፣

«ያ የወሎው ልጅ ትዝ ይልሃል?» አሉኝ።

«ይለኛል ጋሼ።»

«ያን ዓርብ፣ መኪናዋ በነገታው ልትወጣ፣ ውጪ ጠራሁትና ነገርኩት። ጉድጓዱን ለዘጠኝ ዓመቱ ሰው ልሰጥ ነው፣ ጆሮህን ስለማሞግስ ላንተ የምሰጠው እንዳይመስልህ፣ ቅር እንዳይልህ አልኩት።»

እጄ ትራሱ ላይ ቀረ።

«ምን አለ?»

«ሳቀ። ‹ታዲያ ለማን ኖሯል ሊሰጡት?› አለኝ። ደስ አለው፤ ከልቡ ደስ አለው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እንዲህ ያለ ልጅ፣ በማግስቱ ይዋሸኝ? እስከ ዛሬ አልገባኝም።»

ብርድ ልብሱን እግራቸው ላይ አስተካከልኩ። ሌላ ምንም አላደረግሁም። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ማለዳ አውቶቡስ ተራ ሄድኩ። ጭሱና ጉሙ ተደባልቋል፤ የአውቶቡሶቹ መብራት ጉሙ ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይንሳፈፋል። ኮምቦልቻ ወርጄ የፍሬን ሠራተኛ ብዬ ብጠይቅ እንደማላጣው አውቃለሁ። የምለውንም ሌሊቱን ሙሉ ስደጋግመው አድሬያለሁ፤ አጭር ነው።

«ኮምቦልቻ! ደሴ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ቀረ!» ይላል ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ።

በሩ ሥር ቆምኩ። ደረጃው ላይ አንድ እግሬን አደረግሁ። ሰዎች በመስኮት እያዩኝ ነው። አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄዳሉ ወይስ አይሄዱም? ሰው እያስጠበቁ ነው እኮ!» አለኝ ረዳቱ።

እግሬን አወረድኩ። ሴትዮዋ አልፋኝ ገባች፣ ረዳቱ በሩን መዝጋት ጀመረ።

«ሰው ልሸኝ ነው የመጣሁት» አልኩት።